ጅማን በእግር ከአስጎብኚ ጋር ማየት፦ ጅሬን፣ ሂርማታ ወይስ መሀል ከተማ?

ጅማ ላይ አስጎብኚ ቀጥሮ «አሮጌውን ከተማ አሳየን» ማለት ቀላል ይመስላል። ችግሩ ጅማ ያላት አሮጌ ሰፈር አንድ አይደለም፤ ሦስት ነው። ነገሥታቱ የተቀመጡበት ጅሬን ኮረብታው ላይ ነው። ገበያው ሂርማታ ታች ሜዳው ላይ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ዘርግቶት የሄደው የመሀል ከተማ ክፍል ደግሞ ለብቻው ሌላ ታሪክ ነው። ጅሬን ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ሦስቱንም በግማሽ ቀን በእግር አሳያለሁ የሚል ጉብኝት አብዛኛውን ሰዓት መንገድ ላይ ይጨርሰዋል፤ ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ሲደረስም አስጎብኚው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረጠው ቦታው ነው፣ አስጎብኚው ቀጥሎ ነው። ጅሬንን አበጥሮ የሚያውቅ ሰው ሂርማታ ገበያ ውስጥ ብዙም ላይረዳ ይችላል። በገበያው ከቅመም ሻጮቹ ጋር እየተሳሳቀ የሚያልፈው ወጣት ደግሞ የነገሥታቱን ቅደም ተከተል ሲጠየቅ ሊደናገር ይችላል።

ጅሬን፦ ቤተ መንግሥቱ

አንድ ቦታ ብቻ የማየት ጊዜ ያለው ሰው ጅሬንን ይምረጥ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ገዝተዋል። ለአፄ ምኒልክ ያለ ጦርነት ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ስለቆዩ፣ በዙሪያቸው ያሉት የጊቤ መንግሥታት ሲጠፉ ጅማ ሕልውናዋን ይዛ ለረጅም ጊዜ ቀጥላለች። ቤተ መንግሥቱም የዚያ ዘመን ምስክር ነው፤ ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ በግቢው ውስጥ ዛሬም የሚሰገድበት መስጊድ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ከተማው በሙሉ የሚታይበት ቁልቁለት።

እዚህ ሁለት ዓይነት አስጎብኚ አለ፤ ቦታው ላይ የሚገኘው የቅርሱ አስጎብኚና ከከተማ ይዘውት የሚወጡት። ለቤቱ ራሱ የቦታው ሰው ይሻላል። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ የትኛው ክፍል ለምን እንደዋለ፣ መስጊዱ መቼ ለእንግዳ ክፍት እንደሚሆን የሚያውቀው እሱ ነው። ድክመቱ ንግግሩ በቃል የተጠና ሊሆን መቻሉ ነው። «ይህ የመኝታ ክፍል፣ ይህ የእንግዳ መቀበያ፣ ይህ የጠባቂዎች…» እያለ በ20 ደቂቃ ሊጨርስ ይችላል። ይህን የሚሰብረው ጥያቄ ነው። የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች እንዲያሳይዎት ይጠይቁት፤ በትህትና ከጠየቁት ደስ ብሎት ያሳያል።

አንደኛው እንጨቱ ነው። ቤቱ በቅርብ ዓመታት ሰፊ እድሳት ስለተደረገለት ነባሩና አዲሱ እንጨት ጎን ለጎን ቆመዋል። የአሮጌ እጅ ሥራ ብዙውን ጊዜ የመጥረቢያ ምት ይታይበታል፤ ጣት ሲያስኬዱበት እንደ ትንንሽ ሞገድ ከፍና ዝቅ ይላል። በመጋዝ የተሰነጠቀና በመላጊያ የተላገ እንጨት ግን ወጥ ነው፣ ጠርዙም ስል ነው። ምሰሶ፣ የደረጃ እጀታና የበር መቃን ላይ ይህን ልዩነት ይፈልጉ። (መንካት ተፈቅዶ ከሆነ ነው እንጂ በዓይን ብቻም ይለያል፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመታው ጥላው ያጋልጠዋል።) አስጎብኚው የትኛው ነባር የትኛው ተተኪ እንደሆነ ለይቶ ካሳየዎት ቤቱን የሚያውቅ ሰው ይዘዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው አቀማመጡ ነው፤ ንጉሡ ከየት ሆነው ማንን ያዩ ነበር፣ አቤቱታ አቅራቢው የት ይቆም ነበር፣ ሴቶቹ በየት በኩል ይገቡ ነበር። ቤቱ የተሠራው ለመኖሪያ ብቻ ሳይሆን ለፍርድና ለግብዣም ጭምር ስለሆነ፣ በረንዳው ላይ ቆሞ ግቢውን መመልከት ከክፍል ክፍል ከመዞር የበለጠ ያስረዳል።

ሦስተኛው የንጉሡ መቃብር ነው። ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ውጪ ስለሆነ ካልጠየቁ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

የአስጎብኚውን እውቀት ለመለካት የሚበቃ አንድ ጥያቄ አለ፤ «አባ ጅፋር ስንት ናቸው?» የሚለው። ቀዳማዊ አባ ጅፋር በ1830 አካባቢ (እ.ኤ.አ.) መንግሥቱን ያጸኑት ናቸው። ከእሳቸው በኋላ አባ ረቡ፣ አባ ቦቃና አባ ጎሞል ነግሠዋል፤ ቤተ መንግሥቱ የሚታወቅባቸው ዳግማዊ አባ ጅፋር አምስተኛው ናቸው። ሁለቱን አባ ጅፋሮች አንድ አድርጎ የሚተርክ ሰው መቶ ዓመቱን በሙሉ አደባልቆ ሊነግርዎት ነው። የንጉሡ እናት ጌኔ ጉሚቲ ከምኒልክ ጋር ሰላም እንዲወርድ በመምከር ስማቸው ይነሳል። እሳቸውን ሳይጠሩ የሚያልፍ አስጎብኚም ተረኩን በግማሽ ነው የያዘው።

መንገዱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቅጣጫውን ነው። ከከተማ ተነስቶ በእግር ወደ ጅሬን መውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ሽቅብ ነው፣ ከተማው ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ነው፣ እግረኛውም ላይ ሲደርስ ደክሞት ማዳመጡን ይተዋል። በባጃጅ ወጥቶ በእግር መውረድ የተሻለ ነው። ባጃጅ ሲይዙ ጅሬን ድረስ «ኮንትራት» ይነጋገሩ፤ «ወንድሜ፣ አድርሰኸን ትመለሳለህ ወይስ ቆመህ ትጠብቀናለህ?» ብሎ አስቀድሞ መለየት ዋጋውን ይለውጠዋል። ለመውረድ ያሰበ ሰው አድርሶ የሚመለሰውን ይያዝ። ቁልቁለቱን ዘና ብሎ ለመጨረስ ሰዓት ተኩል ያህል ይያዙለት። ዝናብ ከጣለ ግን ሐሳቡን ይለውጡ፤ የጅማ ቀይ አፈር ሲርስ ጫማ ሥር ተለጥፎ ይከብዳል፣ ኮብልስቶኑም ይሙለጨለጫል። በዚያን ጊዜ የሚጠብቅ ባጃጅ ይዞ መምጣቱ ያተርፋል።

መስጊዱ ያለበት ግቢ ስለሆነ አለባበስ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሴቶች ሻርፕ ይያዙ፣ ቁምጣ ይቅር፣ ጫማም በቶሎ የሚወልቅ ቢሆን ይሻላል። ዓርብ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው መካከል የጁምዓ ሰላት ስላለ ጉብኝቱን ወደ ጠዋት ይጎትቱት። ቦታው ላይ ትልልቅ ሰዎች ካገኙ ሰላምታው ከአስጎብኚው ክፍያ ያልተናነሰ ዋጋ አለው፤ በአፋን ኦሮሞ «አካም ጅርቱ፣ አባባ» (እንዴት ነዎት) ብሎ መቆም፣ ሲለያዩም «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) ማለት ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚሰሙት ወሬ ብዙውን ጊዜ አስጎብኚው ራሱ ያልነገረዎት ነው።

ሙዚየሙስ?

ከመሀል ከተማ ብዙም የማይርቀው የጅማ ሙዚየም ብቻውን የግማሽ ቀን ጉዳይ አይደለም፤ ከጅሬን ጋር ተጣምሮ ነው ትርጉም የሚኖረው። ንጉሡ ይገለገሉባቸው የነበሩ ዕቃዎችን አስቀድሞ አይቶ ወደ ጅሬን የወጣ ሰው ባዶ ክፍል ሲገባ ምን እንደነበረበት በዓይነ ሕሊናው ያያል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ግን ሙዚየሙ የዕቃ መጋዘን ይመስላል። ከእድሳቱ ጋር ተያይዞ ዕቃ ከቦታ ወደ ቦታ ሊዘዋወር ስለሚችል፣ ከመሄድዎ በፊት ከከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማጣራት ጥሩ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሆነ የምሳ ሰዓቱን ያስቡበት። መብራት በሄደ ቀን ደግሞ ትንሽ የእጅ ባትሪ ብዙ ነገር ያድናል።

ሂርማታ፦ ገበያው

ሂርማታ ከቤተ መንግሥቱ ያነሰ ታሪክ የለውም፤ እንዲያውም መንግሥቱን ያቆመው ገንዘብ ከዚህ ነው የወጣው። የደቡብ ምዕራቡ የሲራራ ነጋዴ ቡናውን፣ ማሩን፣ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን ይዞ የሚገናኝበት፣ በአሞሌ ጨውና በማርያ ቴሬዛ ብር የሚገበያይበት ትልቅ ገበያ ነበር። ሰዎችም በባርነት ይሸጡ ነበር። ይህን የመጨረሻውን አስጎብኚው በራሱ ካላነሳው እርስዎ ያንሱት፤ «ሁሉ ነገር ይሸጥ ነበር» ብሎ የሚያልፈው ሰው ማርና ቅመም ብቻ ሊያሳይዎት ነው ያሰበው።

ትልቁ የገበያ ቀን ሐሙስ ነው። ለጉብኝት የሚመረጠውም ሐሙስ ነው፣ የሚከብደውም ሐሙስ ነው። በሌላ ቀን የመጣ ሰው ሱቆቹን ያያል፣ ከገጠር የሚገባውን ሰውና የሚያወርደውን ጭነት ግን አያይም። ሐሙስን የመረጠ ደግሞ ቡድኑን ያሳንስ። ከ6 ሰው በላይ ሆኖ በቅመም ተራ መካከል የሚያልፍ ቡድን ይበታተናል፤ መሪው ኮረሪማ ላይ ቆሞ ሲያስረዳ ኋላ ያሉት የሚሰሙት የጭነት አህያ የሚነዳውን ሰው «መንገድ! መንገድ!» ነው። ስምንትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ሁለት አስጎብኚ ይያዙ፣ ወይም ለሁለት ተከፍላችሁ በግማሽ ሰዓት ልዩነት ግቡ።

ለገበያው የአስጎብኚው ዋና መመዘኛ አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ መናገሩ ነው። ከከተማ ነጋዴ ጋር በአማርኛ መግባባት ይቻላል። ከየወረዳው የገባችው ማር ሻጭ ግን በቋንቋዋ ስትጠየቅ የምትሰጠው መልስ ሌላ ነው፤ ማሩ ከየትኛው ጫካ እንደመጣ፣ በየትኛው አበባ ወቅት እንደተቆረጠ ትነግርዎታለች። ከአዲስ አበባ አብሮ የመጣ አስጎብኚ በሁሉም ነገር ጎበዝ ቢሆንም እዚህ ላይ ከአካባቢው ልጅ ጋር መጣመር አለበት።

ሌላው መመዘኛ ኮሚሽን ነው። አስጎብኚ ደንበኛ ወደ ወዳጁ ሱቅ መውሰዱ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳይናገር ሲያደርገው ነው። ምልክቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ በገቡበት ሱቅ ከ10 ደቂቃ በላይ ከተቀመጡ፣ በሌላ ሱቅ ዋጋ ሲጠይቁ ደግሞ አስጎብኚው ቀድሞ ከመለሰ ነገሩ ገብቶዎታል። «ዛሬ ዝም ብለን እናያለን፣ የምንገዛው መጨረሻ ላይ ነው» ብሎ ጠዋቱኑ መናገር አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። ማርና ቡናም ቢሆን መጨረሻ ላይ መግዛቱ ይሻላል፤ ተሸክሞ መዞር እግርን ይገድላል፣ የማር ክዳንም ቦርሳ ውስጥ መላላቱ አይቀርም።

ስለ በርጩማው ትንሽ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ጅማ የመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚመለሰው እሱን ነው። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ እግርና መቀመጫው አይጋጠሙም፣ አንድ እንጨት ናቸው። ውበቱም አደጋውም ከዚሁ ይመጣል። እንጨቱ እርጥብ እያለ ከተፈለፈለና ሳይደርቅ ከተሸጠ፣ ደረቅ አየር ወዳለበት ሲሄድ ከውጭ ቶሎ ይደርቃል፣ ውስጡ ይዘገያል፣ በዚህ መጎተት ይሰነጠቃል። ከመግዛትዎ በፊት ይገልብጡት። የግንዱ እምብርት፣ ማለትም የዓመት ክቦቹ የሚጀምሩበት ነጥብ፣ መቀመጫው መሀል ላይ ካለ ስንጥቁ ከዚያ ተነስቶ ወደ ጠርዝ መሄዱ አይቀርም። እምብርቱ ከመቀመጫው ውጪ የቀረበትን ይምረጡ። ቀጥሎ በመጠን እኩል የሆኑ ሁለት በርጩማዎችን በሁለት እጅ ያንሱ፤ በግልጽ የሚከብደው ገና ውኃ አለበት። ሲነኩትም ይቀዘቅዛል። ጥቁር ቀለም በደንብ የተቀባው ላይ ጥፍርዎን በመቀመጫው ጠርዝ ያስኬዱ፤ በሰምና በቀለም የተደፈነ ስንጥቅ በጥፍር ይያዛል። ቤት ሲደርሱ ለጥቂት ሳምንታት ከፀሐይና ከምድጃ አርቀው ያስቀምጡት፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ።

ፎቶ፦ ከሻጭ ፈቃድ ሳይጠይቁ አያንሱ። ከፎቶው በፊት ስለ ዕቃዋ መጠየቅ፣ ትንሽ ነገርም ቢሆን መግዛት በሩን ይከፍታል። የጫት ተራ ላይ ደግሞ ካሜራው ኪስ ውስጥ ቢቀር ይሻላል።

መሀል ከተማ፦ የጣሊያን ዘመን

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል። የመሀል ከተማውን ጉብኝት ከሦስቱ ርካሹና ቀላሉ የሚያደርገው መንገዱ ሜዳ መሆኑና ቦታዎቹ መቀራረባቸው ነው፤ ነገር ግን ያለ ጥሩ አስጎብኚ ምንም አይናገርም። ሕንፃዎቹ አብዛኞቹ ምልክት የላቸውም፣ ዛሬም ቢሮና ሱቅ ሆነው ያገለግላሉ። ጣሊያን ጅማን የጋላና ሲዳማ ብሎ የሰየመው ግዛት መቀመጫ አድርጓት ነበር። ከተማውንም ሲዘረጋ የአውሮፓውያኑንና የአገሬውን ሰፈር ለመለየት ነበር ያቀደው። ፈረንጅ አራዳ የሚለው የሰፈር ስም እስከ ዛሬ አለ። በሰኔ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ ሕንፃዎቹ ለሌላ አገልግሎት ዋሉ።

ስለዚህ እዚህ የሚፈለገው አስጎብኚ የሕንፃ ስም የሚዘረዝር ሳይሆን የመንገዱን አወጣጥ የሚያስነብብ ሰው ነው፤ ለምን ይህ መንገድ ሰፊ ሆነ፣ ለምን ያኛው ጠበበ፣ የአዌቱ ወንዝ ማንን ከማን ይለይ ነበር። ይህን መመለስ የሚችል ካላገኙ ገንዘብዎን ለጅሬን ያስቀምጡ፤ መሀል ከተማውን ብቻዎን በአዌቱ ዳር እየተራመዱ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያዩታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አሮጌ ሕንፃ ሁሉ ቅርስ ብቻ አይደለም። በር ላይ ጥበቃ ያለበት መሥሪያ ቤት፣ ባንክ፣ የፖሊስና የወታደር ግቢ ሲያጋጥም ፎቶ ከማንሳት በፊት አስጎብኚው ሄዶ ይጠይቅ። እርስዎ መታወቂያዎን፣ እሱም የአስጎብኚነት መታወቂያውን ወይም ደብዳቤውን ከያዘ ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። አለበለዚያ ጠዋቱ በር ላይ ያልፋል።

ማንን ልቅጠር?

ከአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት ጋር የሚመጣ ሰው መኪና፣ ሆቴልና ሰው በአንድ ሂሳብ ያገኛል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ለውጭ አገር እንግዳ ወይም ለሽማግሌ ቤተሰብ ይህ እፎይታ ነው። የሚከፈልበት ግን አብዛኛውን ለመኪናው ነው፤ በእግር ለሚደረገው ጉብኝት የሚተርፈው ጊዜ አጭር ነው። ውሉ ላይ «ጅማ ከተማ ጉብኝት» የሚል አንድ መስመር ብቻ ካለ ስንት ሰዓት፣ የት የት፣ የአካባቢ አስጎብኚ ይጨመራል ወይስ አይጨመርም ብለው ያስጽፉ።

በከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል የሚገኝ አስጎብኚ ለጅሬንና ለሙዚየም አስተማማኝ ነው። መግቢያውን፣ ፈቃዱን ያውቃል፤ ቅሬታ ካለም የሚሄዱበት ቦታ አለ። ድክመቱ ቅዳሜና እሁድ ነው፤ ሰው ለማግኘት ቀድሞ በሥራ ቀን መነጋገር ያስፈልጋል።

ሆቴል በር ላይ ወይም መናኸሪያ አካባቢ «ላሳይህ» የሚለው ወጣት ለገበያ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ለታሪክ ግን እምብዛም። ከላይ ያለውን የአባ ጅፋሮች ጥያቄ ጠይቀው ይለዩት። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ወይም ቱሪዝም የሚማር ልጅ ማግኘት ከተቻለ በዋጋም በእውቀትም መካከለኛ ነው። ችግሩ ፈተና ሲደርስ ይጠፋል፣ ቤቱን በመጽሐፍ እንጂ በቁልፍ አያውቀውም፤ ስለዚህ ጅሬን ላይ የቦታውን ሰው ይጨምሩ።

ክፍያ ላይ የሚጣሉት ብዙውን ጊዜ በመጠኑ ሳይሆን ባልተነገረው ነው። «ወንድሜ፣ ሂሳቡ በሰው ነው በቡድን?» ብለው ይጀምሩ። ሁለት ሰው ሆኖ የመጣ በሰው ቢከፍል ያዋጣዋል፤ ከአራት በላይ የሆነ በቡድን ይደራደር። ቀጥሎ መግቢያው፣ የቦታው አስጎብኚ፣ ባጃጁና የእሱ ምሳ በዚያ ውስጥ ናቸው ወይስ በላዩ? ግማሽ ቀን ማለት ስንት ሰዓት ነው? ይህን ሁሉ ተነጋግሮ በአጭር መልእክት ስልኩ ላይ መላክ ነው። ሰዓቱንም በግልጽ ይጻፉ፤ ከውጭ የመጣ ዘመድ «ነገ 2 ሰዓት» ሲባል ከሰዓት በኋላ ይመስለውና አስጎብኚው ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። «ጠዋት 2 ሰዓት» ይበሉት።

ቅድሚያ ከግማሽ በላይ መስጠት አያስፈልግም። ቀሪውን መጨረሻ ላይ፣ ጉርሻውንም ለብቻው ለይቶ በእጅ መስጠት ይሻላል፤ የቦታው አስጎብኚ ጉርሻ በከተማው አስጎብኚ በኩል እንዲያልፍ አያድርጉ።

መቼ?

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ለእግር ጉዞ ይመቻል፤ ደረቅ ነው፣ ቡናውም ይለቀማል። በዚያ ወቅት ከከተማ ወጣ ሲሉ ጀንፈሉ (ከነልጣጩ የሚደርቀው ቡና) በየግቢው ተሰጥቶ ይታያል፣ ገበያውም ይደምቃል። ክረምት ላይ የመጣ ሰው ጉዞውን ይተወው ማለት አይደለም፤ ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሮ ከምሳ በፊት ይጨርስ፣ ከሰዓት ለሙዚየምና ለቡና ይሁን። ቡናው በሥርዓት ከተፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ሰዓት ይሞላል፤ በጉብኝቱ ሰዓት ውስጥ ይቆጠራል ወይስ ውጪ ነው የሚለውን ከአስጎብኚው ጋር አስቀድመው ይለዩ። በቅቤ የተጠበሰውን ቡና ቀላ ለመቅመስ የፈለገ ደግሞ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይናገር፤ ቡና ቤት ገብቶ በድንገት የሚታዘዝ ነገር አይደለም።

ረመዳን ላይ አስጎብኚው ጾመኛ ሊሆን ስለሚችል ጅሬንን ማልዶ ማየት፣ ቀትር ላይ ማረፍ፣ መሀል ከተማውን ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት ማዞር ጥሩ ነው። በፊቱ ውኃ እየጠጡ ዳገት ማስወጣት አይገባም።

ለእያንዳንዱ መንገደኛ

አንድ ጠዋት ብቻ ያለው፦ በባጃጅ ጅሬን፣ ከቦታው አስጎብኚ ጋር ሰዓት ተኩል፣ በእግር መውረድ። ሌላ ነገር አይጨመርበት።

ሙሉ ቀን ያለው ቀኑም ሐሙስ ከሆነ፣ ጠዋት ጅሬን፣ ከሰዓት ሂርማታ ያድርግ እንጂ አይገልብጠው። ገበያው ከቀትር በኋላም ይኖራል፣ ኮረብታው ላይ ግን የጠዋቱ አየር ጥርት ብሎ ከተማውን ያሳያል። ሐሙስ ካልሆነ ሙዚየሙን አስቀድሞ፣ ጅሬንን አስከትሎ፣ ወደ ማታ በአዌቱ ዳር መሀል ከተማውን ይዝጋ።

ልጆችና ትልልቅ ሰዎች አብረው ካሉ ባጃጁ ጅሬን ላይ ቆሞ ይጠብቅ፣ ቁልቁለቱ ይቅር። የቤቱ ደረጃ ለጉልበት ስለሚከብድ እናትና አባት በረንዳው ላይ አረፍ ብለው አስጎብኚው እዚያው ቢተርክላቸው ምንም አይጎድልባቸውም፤ ከላይ እንደተባለው ቤቱን የሚያስረዳው በረንዳው ነው።

ቡና ተገኘበት የሚባለውን አገር ማየት የሚፈልግ በጎማ ወረዳ ወዳለው ጮጬ ይሄዳል። እሱ ግን በአጋሮ በኩል የመኪና መንገድ ነው፤ ሌላ ቀንና ሌላ ውል ይፈልጋል። የከተማ ጉብኝት ላይ «እግረ መንገዳችንን» ብሎ የሚጨምርልዎት አስጎብኚ ካለ አይቀበሉት፤ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አጋሮ ብቻ ተጉዞ በዚያው ቀን ጅሬንን በደንብ ማየት አይቻልም።

አስጎብኚው በተቀጠረው ሰዓት ካልመጣና ስልኩ ካልሠራ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ከዚያ በላይ አይጠብቁ። ባጃጅ ይዘው ጅሬን ይውጡ፣ የቦታውን አስጎብኚ ይያዙ። ከሦስቱ ጉብኝቶች ያለ ቀጠሮ ሊደረግ የሚችለው ይህ ነው።